የሞተር ጋስኬት ሲቃጠል፤ ምልክቱ፣ ምርመራውና ጥገናው

ከኅብረታችን አባሎች ውስጥ ሁለትና ሦስት እየሆኑ ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ መኪና የሚገዙ ጥቂቶች አይደሉም። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅም ያችው መኪና ትምህርቱን ከጨረሰው ተማሪ ወደ አዲስ መጪው ትተላለፋለች። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር መኪና ብዙ ጊዜ የምትወድቀው በአንድ ዓይነት በሽታ ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ውሃው ይጎድላል፣ በመጨረሻም በተለምዶ «ጋስኬቱ ተቃጠለ» የሚባለው ነገር ይደርሳል። ያን ጊዜ ገዢው ከምግቡ ቀንሶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ያጣል፤ ሻጩ «እኔ ስሸጣት ደህና ነበረች» ይላል፤ ባለ ጋራዡም የፈለገውን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ከሦስቱ መካከል ነገሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢውን ሁሉ መካኒክ ማድረግ አይደለም። ሆኖም ምልክቱን ለይቶ ያወቀ፣ የምርመራውን ቅደም ተከተል የተረዳና በጥገናው ጊዜ ምን ምን መሠራት እንዳለበት የሚጠይቅ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ከዚህም በላይ ራሱንና አብረውት የሚጓዙትን ከአደጋ ያድናል።

ጋስኬቱ ምንድን ነው?

የሞተር ዋናው አካል በሁለት ይከፈላል። ታችኛው ፒስተኖች የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች የሚገኙበት ብሎክ ነው። ላይኛው ቫልቮችና ካንዴላዎች የተተከሉበት ክዳን ሲሆን መካኒኮቻችን ቴስታታ ይሉታል። ቃሉ የጣልያንኛ ነው። በአሥመራ አስቀድሞ፣ በአዲስ አበባም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የጣልያን ወረራ ወዲህ የጋራዥ ቋንቋችን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ እያለ በዚሁ መንገድ ቀርቷል። በሁለቱ አካላት መካከል የሚነጠፈውን ስስ ማሸጊያም የቀድሞዎቹ መካኒኮች ጓርኒሲዮን ሲሉት የዛሬዎቹ ጋስኬት ይሉታል። እዚህ ኢየሩሳሌም ወደ ጋራዥ ለሚሄድ ደግሞ በዕብራይስጥ ስሙ «አታም ሮሽ» መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ ስስ ነገር የተሸከመው ሥራ ከባድ ነው። በእሱ ውስጥ ሦስት የማይስማሙ ነገሮች ጎን ለጎን ያልፋሉ። አንደኛው እሳት ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ጋዝ ሙቀቱ ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ግፊቱም በቤንዚን ሞተር እስከ 50 ባርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። ሦስተኛው ዘይት ነው። የጋስኬቱ ተግባር እሳቱ ወደ ውሃው፣ ውሃው ወደ ዘይቱ፣ ዘይቱም ወደ ውጭ እንዳይሄድ እያንዳንዱን በየመንገዱ ማስኬድ ነው። በቀድሞ ዘመን ከአስቤስቶስና ከመዳብ ወይም ከስስ ቆርቆሮ ይሠራ ነበር። በዛሬዎቹ መኪኖች በብዙዎቹ ተደራርበው የተያያዙ የብረት ቅጠሎች ናቸው።

ስለምን ይቃጠላል?

«ተቃጠለ» ቢባልም ጋስኬት እንዲሁ በራሱ ጊዜ የሚቃጠልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ከመጠን በላይ በመጋሉ የሚመጣ ውጤት ነው። በብዙ መኪኖች ብሎኩ የብረት፣ ቴስታታው ግን የአሉሚኒየም ነው። አዲስ አበባን ለረጅም ዘመን ያገለገለችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲም፣ የእሷ እናት የሆነችው ፊያት 124ም እንዲሁ ናቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲረዝም፣ ከሥሩ ያለው ብረት ግን የሚረዝመው የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ጋስኬቱ ይህን መፋተግ በየቀኑ እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ቴስታታው በቡሎኖች ተይዞ እንደ ልቡ መርዘም ስለማይችል ይጎብጣል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። በጎበጠው በኩል እሳቱ ቀዳዳ ያገኛል፤ ጋስኬቱንም እየበላ መንገዱን ያሰፋል።

ታዲያ ሞተሩን ከልክ በላይ የሚያግለው ምንድን ነው? የውሃ መጉደል፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት፣ የደከመ የውሃ ፖምፓ፣ የማይዞር ቬንቲላቶር፣ ወይም ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ስለሚንቀው ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ በመሆኑ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች የሥራ ሙቀት 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ራዲያተሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ውሃው ሁልጊዜ በመፍላት ጠርዝ ላይ ይቆም ነበር። ክዳኑ 1 ባር ያህል ግፊት ሲይዝ ግን የመፍያው መጠን በባሕር ወለል ወደ 120፣ በአዲስ አበባም ወደ 116 ዲግሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ በጥቂት ብር የሚገዛ ዕቃ አንድ ሙሉ ሞተር ያስቀጣል ማለት ነው።

ዳገትም የራሱ ድርሻ አለው። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው በመንገዱ ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙ መኪኖችን ሳያይ አያልፍም። ከሙት ባሕር ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣውም መንገድ ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ከሚጠጋ ዝቅታ ተነሥቶ ወደ 800 ሜትር ከፍታ የሚያደርስ ነው። በበጋ ሙቀት አምስት ሰው ጭኖና አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ ይህን ዳገት የሚወጣ አሮጌ መኪና ያለበትን በሽታ ሁሉ ያወጣል።

ምልክቶቹ

ሀ) የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃ ይጎድላል። በየሳምንቱ ውሃ የሚጨመርባት መኪና ጤነኛ አይደለችም።

ለ) ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው ነጭ ጭስ በብዛት ይወጣል፤ አንቲፍሪዝ ካለበትም ሽታው ጣፋጭ ነው። በብርድ ጧት ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው እንፋሎት ግን የማንኛውም ጤነኛ መኪና ትንፋሽ ነው።

ሐ) ዘይቱ ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል። ይህ በመለኪያው ዘንግ ላይ ከታየ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ አረፋ ቢገኝ ግን በክረምት አጫጭር መንገድ ከመሄድ የመጣ ጤዛ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መደንገጥ አይገባም።

መ) ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በውሃው ውስጥም የአየር አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል። እሳቱ ወደ ውሃው መንገድ እንደገባ ያሳያል።

ሠ) ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ጧት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ አንድ ሲሊንደር እየጎደለው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ይስተካከላል። ሌሊት ወደ ሲሊንደሩ የገባው ውሃ ካንዴላውን አርጥቦት ነው። ካንዴላዎቹ ሲፈቱም ከሌሎቹ ተለይቶ በውሃ እንደታጠበ የጠራ አንድ ይገኛል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለትና ሦስቱ አብረው ሲገኙ ግን ነገሩ የቀረበ ነው። ሁሉም አብረው እንዲታዩ መጠበቅም ስሕተት ነው። እሳቱ ወደ ውሃው ብቻ በሚያፈተልክበት ጊዜ ዘይቱ ንጹሕ፣ ጭሱም ጤነኛ ሆኖ መኪናዋ ዳገት ላይ ብቻ ልትግል ትችላለች።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። አገር ቤት ብዙዎቻችን የምናውቃት የፎልክስዋገን «ጢንዚዛ» የምትቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውሃ አይደለም። ስለዚህ ስለ ውሃ የተባለው ሁሉ እሷን አይመለከትም።

ምርመራው ከርካሹ ይጀምራል

ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ሌሎቹ ምክንያቶች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። ቱቦዎቹና ፖምፓው ያፈስሱ እንደሆነ፣ ቬንቲላቶሩ በጊዜው ይነሣ እንደሆነ፣ ቴርሞስታቱ ይከፈት እንደሆነ ይመርመሩ። ቴርሞስታት ወጥቶ በድስት ውሃ ውስጥ ሲቀቀል መከፈት አለበት፤ ሳይከፈት ከቀረ ጥፋቱ የእሱ ነው። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ከተገኙ ወደሚከተሉት ይታለፋል።

1ኛ. የአረፋ ምርመራ። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ይከፈትና ራዲያተሩ እስከ አፉ ይሞላል። ሞተሩ ተነሥቶ አንድ ሰው ፊቱን ራቅ አድርጎ ውሃውን ይመለከታል። በመጀመሪያ የሚወጡት ጥቂት አረፋዎች የተያዘ አየር ሊሆኑ ይችላሉ። የማያቋርጥና ቤንዚን ሲሰጠው የሚበረታ አረፋ ግን ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ነው። ውሃው ሳይሞቅ ምርመራው ይቁም።

2ኛ. የቀለም ምርመራ። በራዲያተሩ አፍ ላይ በሚቀመጥ ብልቃጥ ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ይጨመርና ከውሃው በላይ ያለው አየር በእሱ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የተቃጠለ ጋዝ ካለ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሹን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። ርካሽ፣ ፈጣንና እጅግ አስተማማኝ ስለሆነ ጋራዡ ይህን ሳያደርግ «ቴስታታው ይፈታ» ቢል ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

3ኛ. የግፊት ምርመራ። ራዲያተሩ በእጅ ፖምፓ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ይሰጠውና ይቆያል። መርፌው ከወረደ፣ በውጭም ፍሳሽ ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

4ኛ. የኮምፕሬሽን ምርመራ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው እያንዳንዱ ሲሊንደር በመለኪያ ይለካል። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ባር ያሳያል። ዋናው ነገር ግን የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ አብረው ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው የጋስኬት ድልድይ ተበልቷል ማለት ነው። በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ወለል መሆኑ አይዘንጋ። ያው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ቢለካ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህል ቀንሶ ይገኛል፤ ይህ በሽታ አይደለም።

መንገድ ላይ ሲግል

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። መርፌው ከተለመደው ቦታ ከፍ ማለት ሲጀምር አየር ማቀዝቀዣው ይዘጋ፤ የመኪናው ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ይከፈት። ተሳፋሪውን ቢያልበውም ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። መርፌው ካልወረደ ወዲያው መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ነው። «ቤት ልደርስ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀረኝ» ማለት ጋስኬት ብቻ ይበቃው የነበረውን ጉዳት ወደ ተሰነጠቀ ቴስታታ ያደርሰዋል።

የራዲያተሩ ክዳን በምንም ምክንያት በሙቀቱ አይከፈት። በግፊት ተይዞ 110 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ክዳኑ በተነካበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። ፊትና ዓይን የተቃጠለበት ሰው ጉዳት ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በትንሹ አንድ ሰዓት ይጠበቅ፤ ቱቦው በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳና ለብ ያለ ሲሆን ብቻ ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይከፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በብልቃጥ የሚሸጠውና በራዲያተር ውስጥ ሲጨመር «ጋስኬት ይጠግናል» የሚባለው መድኃኒት አንዳንዴ ትንሽ ፍሳሽን ለጊዜው ያቆማል። ነገር ግን የጎበጠውን ቴስታታ አያቃናም፤ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቧንቧዎችም ሊደፍን ይችላል። ለመሸጥ ሲባል ብቻ የሚጨምረው ሰው በሽታውን ለወንድሙ እንዳስተላለፈ ይቁጠረው።

ጥገናው

የጋስኬቱ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ገንዘብ የሚወስደው ጉልበቱ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተፈታ በትክክል መሠራት አለበት። ራሱ የሚሠራም ሆነ በጋራዥ የሚያሠራ ሰው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቅ።

መጀመሪያ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ በሙቀቱ የተፈታ ቴስታታ ሊጎብጥ ይችላል። ባትሪው ይነቀል፤ ውሃውና ዘይቱ በዕቃ ይቀዳ። አንቲፍሪዝ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና እንስሳት በሚደርሱበት አይደፋ። ቀጥሎ የታይሚንግ ቺንጋው ወይም ሰንሰለቱ ከመነሣቱ በፊት ምልክቶቹ ይገጠሙ፣ በቀለምም ይለዩ። በብዙ ሞተሮች ይህ ከተሳሳተ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ይሰባበራሉ።

የቴስታታው ቡሎኖች የሚላሉት ከዳር ወደ መሐል በየተራ ጥቂት በጥቂት ነው። ቴስታታው ከተነሣ በኋላ አሮጌው ጋስኬት እንዲሁ አይጣል፤ እሳቱ የሄደበት ጥቁር መንገድ በላዩ ስለሚታይ ምስክር ነው። የአሮጌ መኪና ጋስኬት አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፤ ረጥቦ ይላጥ፤ አቧራውም አይተንፈስ።

ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ይላክ። በዚያ ሁለት ነገር ይደረጋል። በግፊት ተፈትኖ ስንጥቅ እንዳለው ይታያል፤ በቀጥታ የብረት ማስመሪያና በስስ የክፍተት መለኪያ ቅጠልም ፊቱ መቃናቱ ይረጋገጣል። በብዙ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጉብጠት ነው የሚፈቀደው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይላጋል። የብሎኩም ፊት በዚሁ ዓይነት ይለካ። ብዙ ጋራዦች ይህን ስለሚዘሉ አዲሱ ጋስኬት በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና ይቃጠላል።

የብሎኩ ፊት ሲጸዳ በሞተር በሚዞር የአሸዋ ወረቀት ባይሆን ይመረጣል፤ ብናኙ ወደ ዘይቱ ገብቶ ኩሽኔታ ይበላል። የቡሎን ጉድጓዶች ይጽዱ፣ ይድረቁም። ከሥር የቀረ ውሃ ወይም ዘይት ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚሄድበት ስለሚያጣ ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል። አዲሱ ጋስኬት በደረቁ፣ ላይኛው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ፤ ፋብሪካው ካላዘዘ በስተቀር ማጣበቂያ አይቀባ።

ማጥበቁ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ፣ ኃይል በሚለካ ቁልፍና ለዚያው ሞተር በተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። በግምት ማጥበቅ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይሆናል። የብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ቡሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ ስለሆኑ ሁለተኛ አያገለግሉም፤ አዲስ ይገዛ። በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ደግሞ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ታዝዟል፤ ይህንም የሚወስነው የመኪናው መጽሐፍ ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር፤ የሚጋጭ ነገር ከሌለ አዲስ ዘይትና የዘይት ማጣሪያ፣ እንዲሁም አንቲፍሪዝ ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል ተቀላቅሎ ይግባ። በውሃው መንገድ የተያዘው አየር እስኪወጣ ማሞቂያው ተከፍቶ ሞተሩ ይሥራ። ከሁሉ በላይ ሞተሩን መጀመሪያ ያጋለው ምክንያት ተገኝቶ መወገድ አለበት። ቴርሞስታቱንና የራዲያተሩን ክዳን በዚያው ጊዜ መለወጥ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ለገዢና ለሻጭ

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀው አስቀድሞ ለሻጩ ይንገር፤ ሞቆ ካገኘውም በሌላ ቀን ይመለስ። ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን፣ ዘንጉን ስቦ ዘይቱን ይይ፤ ከዚያ በራሱ ፊት ያስነሣው፤ ሃያ ደቂቃም ዳገት ያለበት መንገድ ይንዳው። ተመልሶም መርፌውን ይመልከት። የቀለሙን ምርመራ በግዢ መመርመሪያ ጣቢያ ያስደርግ። በዚህ አገር በየዓመቱ የሚደረገው «ቴስት» ፍሬንን፣ መብራትን፣ መሪንና ጭስን የሚመለከት እንጂ ለጋስኬት ዋስትና አይደለም።

ለሻጩም አንድ ነገር አለን። በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር ይኑር። ውሃ መቼና ስንት ሊትር እንደተጨመረ፣ ሞተሩ የት ላይ እንደጋለ፣ ምን እንደተለወጠ ቀኑ እየተጻፈ ይቀመጥበት፤ መኪናዋ ስትሸጥም ደብተሩ አብሮ ይሰጥ። ባለ ሦስት ገጽ ደብተር ለአዲሱ ባለቤት ከማንኛውም ምርመራ በላይ ይናገራል። በሽታዋን ነግሮ በርካሽ የሸጠ ወንድም አይታማም፤ ደብቆ በውድ የሸጠ ግን በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው የመመገቢያ አዳራሽ ከገዢው ጋር ይገናኛል።